ባዶ መስመር የማይወድ ልጅ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ቃለ አብ፣

የእናትህን የእትዬ አረጋሽን መርዶ ካምፓላ ያለው የአጎትህ ልጅ እንደ ነገረህ፣ ሦስት ቀንም ለሐዘን እንደ ተቀመጥህ ሰምቻለሁ። እኔም እዚህ ደባርቅ ተቀምጬ ነበር፤ ባንተ ቦታ። ድንኳኑ ውስጥ የልጅ መቀመጫ ላይ አኖሩኝ፤ ለቀስተኛው ሁሉ እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ከዳባት የመጡት አክስትህም አቅፈውኝ፣ አንተ ባትኖር እኅቴን ማን ይቀብራት ነበር እያሉ አለቀሱ። አንገቴን ደፍቼ ጋቢዬን ሳብኩ።

ቅዳሜ ጥቅምት 29 አርባቸው ነው። ተዝካሩን የማወጣው እኔ ነኝ፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ ሁለት በግም ጓሮ ታስሯል። ከዚያ በፊት ግን የምነግርህ ነገር አለኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ፤ አልፈጀውም። ፊት ለፊት ብንገናኝ ኖሮ ቀልድ ጀምሬ አድበሰብሰው ነበር፤ ታውቀኛለህ። እናትህን በልጅ ስም የምሸኝ ከሆነ ግን ማን እየሸኛቸው እንደ ሆነ ማወቅ አለብህ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሩቅ ልጀምር። ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ቀርቻለሁ፤ ጠመኔ ሲቦንብኝ ሃያ ምናምን ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ሶልያና የምትባል አንዲት ፈጣን ተማሪዬ እጇን አወጣችና አገር በምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። መጽሐፉ የሚለውን ነገርኳት፤ በጦርነት፣ በነገሥታትና በመንግሥታት ፖለቲካ፣ የውጭ ኃይሎች ካርታ ዘርግተው በሚፈራረሙት ውል። እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ደወል ተደውሎ ሰሌዳውን ስጠርግ ግን አባትህ ጋሽ ገብረ ሚካኤል ትዝ አሉኝ። እሳቸውን የሚያስገባ ዐረፍተ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም።

አባትህን ደባርቅ ያመጣቸው መንገዱ ነው። የሊማሊሞን ገደል ፈልፍሎ ያንን መንገድ ያወጣው ደግሞ ጣልያን ነው፤ ጦሩን ሊያመላልስበት፣ አገሩን ሊገዛበት። አምስት ዓመት ሳይደላው ሄደ፤ መንገዱ ቀረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ አንድ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የጭነት መኪና ከአሥመራ ጨው ጭኖ መጣ፤ ከድብ ባሕር ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ተቃጠለ። ረዳቱ አባትህ ናቸው፤ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። መለዋወጫ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ደባርቅ ተቀመጡ፤ መለዋወጫው ሲመጣ ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ፣ አባትህ ቀሩ። እናትህ ይህን ሲያወሩ «እኔን የዳረኝ ጣልያን ነው» ይሉ ነበር። አባትህም ከመኪና ሥር ሆነው «ጥሎሹን ግን አልከፈለም» ብለው ይመልሱላቸዋል።

ያቺ አባትህ መኪና የሚጠግኑባት የቆርቆሮ ቤት አሁንም አለች። አባትህ ጎሚስታ ብቻ አልነበሩም፤ ሊማሊሞን የወጣ መኪና ሁሉ እሳቸው ደጅ ሳይቆም አያልፍም ነበር። አንተና እኔ ክሪክ እናቀብላለን፣ ካቻቪቴ እንፈልጋለን፣ ፍሬን ረግጠን እንይዛለን። ክሪክ፣ ካቻቪቴ፣ ፍሬን፣ ጎማ፤ የአባቶቻችን አማርኛ ይመስለኝ ነበር እኮ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጣልያን ቃል መሆናቸውን ስሰማ የተሰረቅሁ ያህል ከፋኝ። ጣልያን በጦር ወጥቶ በእቃ ሳጥን ውስጥ ቀርቶ ኖሯል።

ትዝ ይልሃል የሾፌሮቹ ውለታ? ለሠራንበት በገንዘብ ፈንታ እስከ ድብ ባሕር ያሳፍሩን ነበር። ከደባርቅ ስንነሣ በጋቢ ተጠቅልለን ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፤ በዚያ ጥምዝምዝ ቁልቁለት ወርደን ድብ ባሕር ስንደርስ ጋቢውን አጥፈን እንቀመጥበታለን። አንተ በየመታጠፊያው ዓይንህን ጨፍነህ «ደረስን?» ትላለህ፤ እኔ ገና ነው እያልኩ አስፈራራሃለሁ። ስንመለስ እናትህ ገብስ ቆሎ ይዘው ደጅ ይጠብቁናል፤ መጀመሪያ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ያበላሉ። አንድም ቀን ቅደም ተከተሉን አላዛቡም። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ጊዜ የሚናፍቀኝ ያ ቁጣ ነው።

የእኔ አባት ቄስ ኪዳነ ማርያም ደግሞ ቁም ጸሐፊ እንደ ነበሩ ታውቃለህ። ብራና ፍቀው፣ በወስፌ አስምረው፣ በመቃ ብዕር ዳዊት ሲገለብጡ ቀኑ ይመሽባቸዋል። ለእኔ ያወረሱኝ ሀብት ጽሕፈታቸው ነው። በልጅነቴ የጻፍኩትን ሲያዩ ፊደሌን ብዙም አይነቅፉም፤ የሚቆጡት መስመሩ ካልሞላ ነው። ቃሉ አልቆ ቦታ ከተረፈ በነጥብ ሙላው ይሉኛል። «ባዶ መስመር አትተው። ሌላ እጅ ይገባበታል» ይሉኝ ነበር። ይህ ነገር አጥንቴ ውስጥ ገባ። ከተማው ሁሉ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ወደ እኔ ሲመጣ፣ የሞላሁት ወረቀት ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ባዶ ቦታ አይገኝም ነበር። እኮራበት ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ኤርትራ ሰገነይቲ ያሉት የአባትህ እናት ሞቱ። መርዶው በሾፌር ዞሮ አባትህ ዘንድ ሲደርስ አርባው አልፎ ነበር። የእኔ አባት የአባትህ የነፍስ አባት ነበሩና ሊያጽናኑ ሄዱ፤ እኔም ተከትያቸው ነበር። አባትህ «የእናቴን ተዝካር እዚሁ ባወጣስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አባቴ ጥቂት አሰቡና «አርባው አልፎሃል፤ ሙት ዓመቱ አይለፍህ። የእናት ተዝካር በልጅ እጅ፣ በእናት ደጅ ነው» አሉ። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ተወሰነ።

በዚያ ሰሞን ስለ ኤርትራ ነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ነው ተብሎ ኤርትራዊ የሆነ ሁሉ እየተመዘገበ ካርድ ይወስድ ነበር። በገበያው የሚወራው ደግሞ ካርድ የሌለው ሰው ከእንግዲህ በድንበር አያልፍም ነው። ማን እንዳወራው እንጃ፤ እኔ ግን አመንኩ፤ አባትህንም ያሳመንኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አልፈለጉም ነበር። እኔ የደባርቅ ሰው ነኝ፣ ይህ የመንግሥት ነገር አይጥመኝም አሉኝ። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ዐዋቂ ነበርኩና፣ ወረቀት ምን ያደርግዎታል፣ ለተዝካሩ ብለው ይውሰዱት አልኳቸው። ፎርም የምሞላላቸውም እኔ ሆኜ ጎንደር አብረን ወረድን። አንተ ሱቁን ትጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ደረስኩ። ፎርሙን ተቀበልኩና ጠረጴዛ ጥግ ይዤ ሞላሁ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ የሚስት ስም። አባትህ በር ላይ ከአንድ የድሮ ሾፌር ወዳጃቸው ጋር ቆመው ይጫወታሉ። ከታች የልጆች ስም የሚል መስመር አለ። መዝጋቢውን ጠየቅሁት፤ ግድ የለም፣ ከፈለግህ ተወው አለኝ። ቃለ አብ፣ ተወው ብሎኛል። እኔ ግን ወረቀቱን አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች የተዋበ፣ አንዲት መስመር ብቻ ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ባዶ። እጄ አላስችል አለኝ። «ቃለ አብ ገብረ ሚካኤል» ብዬ፣ ስምህ ሲያልቅ የተረፈውን ቦታ በነጥብ ሞላሁት።

አባትህ መጡና ሳያነቡ ፈረሙ። ወረቀቱን ከሩቅ ይዘው እያዩ «የቄስ ልጅ! ምን ያለ እጅ ነው» አሉኝ። በሚያዝያ ካርድ ይዞ አለመምረጥ ነውር ነው ብለው ሄደው መረጡ። በግንቦት ሰገነይቲ ወርደው የእናታቸውን ሙት ዓመት አወጡ። ሲመለሱ ያሉትን አንተም ሰምተሃል፤ በሄዱበትም በመጡበትም አንድ ሰው ካርድ አልጠየቃቸውም። ካርዱንና የፎርሙን ግልባጭ ከእቃ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጀርባ ሸጎጡት። ስንት ቀን ሳቅንበት።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ መጣ። ሁለት መንግሥታት በአንዲት ከተማ የተነሣ ተጣሉ፤ ሌላው ዓለም ካርታ ይዞ መሐላቸው ገባ ወጣ። እኔ ለተማሪዎቼ ያን ጦርነት በሁለት ገጽ አስተምራለሁ። ለእኔ ግን ጦርነቱ የ1991ዱ የጥምቀት ማግስት ነው፤ ዝርዝር የያዙ ሰዎች ከአባትህ ደጅ የቆሙበት ጠዋት። እናትህ ዳባት የወለደች እኅታቸውን ሊያርሱ ሄደው ነበር። የአባትህን ስም ጠሩ፤ ወጡ። ከዚያ ያንተን ጠሩ። አንተ እየሳቅህ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት አልካቸው። ሰውየው ቀና ሳይል «ከአባትህ ፎርም ላይ አለህ» አለህ።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሰማሁ። የክርስትና መዝገብህም፣ የትምህርት ቤት መዝገብህም የደባርቅ ልጅ ነበር የሚሉህ፤ በዓለም ላይ አንተን ኤርትራዊ ያደረገ ወረቀት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በእኔ እጅ የተጻፈው። አባትህ ዘወር ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው መጥተው የእቃ ሳጥኑን ቁልፍ እጄ ላይ አኖሩና «አረጋሽን አደራ» አሉኝ። ወደ ኤርትራ በሚያባርራችሁ አውቶቡስ ውስጥ ሆነህ በመስኮት ያውለበለብህልኝ እጅህ ቅባት ነበረበት፤ ሥራ ላይ እንደ ነበርህ ነው የሄድኸው።

እናትህ በማግስቱ ተመለሱ። ለቅሶውን አልጽፈውም። ከወር በኋላ ግን ሳጥኑን ከፍተው ግልባጩን አገኙትና፣ ማንበብ አይችሉምና ወደ እኔ ይዘው መጡ። ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካክለው «እስቲ አንብብልኝ የሺዋስ፤ የልጄ ስም አለበት?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ የሚስት ስም። የመጨረሻውን መስመር ዘለልኩት። «የለበትም» አልኳቸው።

ብድግ አሉ። ፊታቸው በራ። «እንግዲያስ ልጄን በስሕተት ነው የወሰዱብኝ» አሉ።

ቃለ አብ፣ ያ የመጀመሪያውን ስሕተት የሚያስንቅ ኃጢአት ነው። ፎርሙን የሞላሁት ሳላውቅ ነበር፤ መስመሩን የዘለልኩት ግን እያወቅሁ፣ የእሳቸውን ዓይን እያየሁ ነው። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዚያ በኋላ እናትህ አራት ዓመት ተመላለሱ። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ጎንደር ይወርዳሉ፣ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካቸዋል፤ ማንም ሳያነበው ነገ ይላቸዋል። የልጄ ስም እዚህ ላይ የለም፣ በስሕተት ነው የሄደው እያሉ በየደጁ ይምላሉ። በእኔ ቃል ነው የሚምሉት። ሲመለሱ መናኸሪያ የምቀበላቸው እኔ ነበርኩ። ከተማው «እንደ የሺዋስ ያለ ልጅ ይስጥህ» የሚል ምርቃት አወጣልኝ፤ ምርቃቱን በሰማሁ ቁጥር መሬት ብትከፈትልኝ እወድ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. አንድ ቀን እንደ ልማዴ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከአውቶቡስ ወርደው ክንዴን ይዘው ሄዱ። ቆርቆሮ ቤቷ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ዛሬ አንድ ወጣት ጸሐፊ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ» አሉኝ። «ጽሕፈቱ ሲያምር አለ። የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?» አልኩ።

«የልጄ ነው አልኩት» አሉና በሩን ከፈቱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጎንደር አልሄዱም። ወረቀቱን ወደ ሳጥኑ መለሱት፤ ስለ እሱም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሃያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። በማግስቱም እንደ ወትሮው ምሳ ጠሩኝ፤ ስዘገይ ተቆጡኝ፣ ከዚያ አበሉኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን ወይም ሁለተኛ ልጅ ማጣት ስላልቻሉ፣ አላውቅም። ጠይቄያቸው አላውቅም። አፌን የምከፍትበት ቀን አላጣሁም ነበር፤ ድፍረቱን እንጂ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሰላም ወርዶ ስልክ ሲከፈት፣ ያን ቀን አትረሳውም። እናትህ ስልኩን ገልብጠው ይዘው «አይሰማኝም» እያሉ ያለቅሳሉ፤ አንተ ከዚያ ወዲያ ታለቅሳለህ። አባትህ ከእናታቸው ጎን እንደ ተቀበሩ የነገርከንም ያን ቀን ነው። ስልኩ እኔ ዘንድ ሲደርስ «እናቴን የጠበቅህልኝ ወንድሜ» አልከኝ። ልናገር ነበር። ለጥምቀት እመጣለሁ ስትል ሲመጣ ይሁን ብዬ አሳደርኩት። አንተ ፈቃድ ሳታገኝ የድንበሩ በር መልሶ ተዘጋ፤ የጥምቀቱን ጠላ ጎረቤት ጠጣው። ኋላ ስልኩም ጠፋ። ያ በር ስንት ሰው አሳብዶ እንደ ተዘጋ የሚያውቁት ዘጊዎቹ አይደሉም።

በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት እኛው ደጅ ደርሶ ከዳባት ወዲህ የመድፍ ድምፅ ሲሰማ፣ ግማሹ ከተማ ጓዙን ይዞ ሲወጣ፣ እናትህን ልወስዳቸው መጣሁ። ቃለ አብ ሲመጣ ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል ብለው እምቢ አሉኝ። እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። የማስተምረውን ታሪክ ያን ሰሞን ጠላሁት፤ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ የተወሰነ ነገር ነው እዚህ የሚፈነዳው። እሳቸው ግን ጥጣቸውን እየፈተሉ፣ አንተ በየመታጠፊያው ዓይንህን የምትጨፍነው በማን ወጥተህ እንደ ሆነ ይጠይቁኝ ነበር።

መስከረም 20 ቀን አረፉ፤ በጠዋት፣ ሳይሠቃዩ። የመጨረሻው ቃላቸው ለታሪክ የሚሆን አይደለም፤ በጉ ውሃ ጠጥቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ተዝካሩን ላስመዘግብ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። መዝገቡን የያዘው ዲያቆን ዋሴ፣ መምህር የእርስዎ ጽሕፈት ይሻላል ብሎ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ስመ ክርስትናቸውን ጻፍኩ፤ ያረፉበትን ቀን ጻፍኩ። ከዚያ «ልጅ» የሚል መስመር መጣ። ዋሴ የእርስዎን ይጻፉ እንጂ፣ ከእርስዎ ሌላ ልጅ ማን አላቸው አለኝ። እናትህ «የልጄ ነው» ያሉትን አሰብኩ፤ እጄም ሊጽፍ ተነሣ። ያንተንም ስም ልጽፍ አሰብኩ፤ አንድ ጊዜ ሳልጠየቅ ጽፌው ምን እንዳመጣብህ አውቃለሁ። እስክሪብቶውን ከደንሁና መለስኩለት።

«መምህር፣ መስመሩ ባዶ ቀረ እኮ» አለኝ ዋሴ።

«ይቆይ» አልኩት።

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ይቅርታውን ብትነፍገኝ አልቀየምህም፤ ብትሰድበኝም እሰማሃለሁ፣ ብቻ በአንደበትህ ይሁን። እስከዚያው የቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። የአባትህን እቃ በየወሩ ዘይት አስነካዋለሁ፤ አንድም ካቻቪቴ አልዛገም። ለሶልያናም ነገ ክፍል ስገባ መልሴ ጎዶሎ እንደ ነበር እነግራታለሁ። አገር የሚሠራው ትልልቆቹ በሚፈራረሙት ውል ብቻ አይደለም፤ ተወው ሲባል በማይተው ትንሽ ሰው እጅም ነው።

አባቴ ባዶ መስመር ሌላ እጅ ይገባበታል ይሉ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። ያ እጅ ያንተ እንዲሆን ነው።

አደራ ተቀባዩ፣
የሺዋስ ኪዳነ ማርያም